ጉልበት ያለፈ ውሃ

ሰማዩ ፊቱን ባጠቆረ ቁጥር የአያትየው የመጀመሪያ ሥራ የተሰጣ ልብስ ማስገባት አልነበረም፤ የሚኒባሱን ቁልፍ መደበቅ ነበር። ሰፈሩ “እማማ ሜትሮሎጂ” ይላቸዋል። ጉልበታቸውን ከጠዘጠዛቸው ዝናብ ነው፤ ወገባቸውን ከያዛቸው ጎርፍ ነው። ራዲዮው ገና “ከፊል ደመናማ” ሲል እሳቸው ቁልፉን ይዘው ጓዳ ገብተዋል።

ሚኒባሱን የምትነዳው ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደጓት የልጅ ልጃቸው ናት። ከእሷ ሌላ ማንም የላቸውም። ድልድዩ በየክረምቱ በሚሰጥምበት፣ አስፋልቱ አይጥ እንደበላው ዳቦ ከዳር ከዳሩ በተሸራረፈበት መንገድ መሪ ጨብጣ ስትወጣ እንዴት ብለው ቁጭ ይበሉ? ቁልፉን አንድ ቀን ጨው ዕቃ ውስጥ፣ አንድ ቀን ትራስ ልብስ ውስጥ ይከቱታል። እሷም “ዛሬ ደግሞ የት ተቀበረ?” እያለች ቤቱን ታምሳለች። ስታገኘው አብዛኛውን ጊዜ ዶፉ አልፎ ካፊያው ብቻ ቀርቷል።

የዚያን ዕለት ረፋድ ግን ሰማይ የተቀደደ ይመስል ነበር። የማንጎው ቅርንጫፍ የቆርቆሮውን ጣሪያ ይደበድባል፤ የደጁ ቦይ ሞልቶ የሰው ባልዲ ይዞ ይሄዳል። በዚህ መሃል ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው በሩን ሳያንኳኳ ገባ። ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ሚስቱን ምጥ ይዟታል፤ አምቡላንሱ ከወንዙ ማዶ ቀርቷል።

አያትየው ወደ ጓዳ ሮጡ። ጨው ዕቃውን ገለበጡ፤ የለም። ትራሱን አራገፉ፤ የለም። ትናንት “እዚህስ ብታብድ አታገኘውም” ብለው በገዛ ብልጠታቸው መሳቃቸው ትዝ ይላቸዋል፤ ቦታው ግን ድራሹ ጠፍቷል። በሳቸው ጥንቃቄ ሁለት ነፍስ ሊጠፋ ነው።

“ተይው እማዬ” አለች የልጅ ልጃቸው፣ ከኪሷ ሌላ ቁልፍ አውጥታ። “ካስቀረጽኩ ቆየሁ።”

“ታዲያ ያ ሁሉ ፍለጋ ምን ነበር?”

“እኔ እስክፈልግ ዝናቡም ያባራል፣ አንቺም ትረጋጊያለሽ ብዬ ነዋ።”

አያትየው አብሬ እሄዳለሁ ብለው ከበር ጀርባ የቆመውን የጎማ ቦቲያቸውን አጠለቁ። ቀኝ እግራቸውን አንድ ነገር ወጋቸው። ምን እንደሆነ ወዲያው ገባቸው፤ በዝናብ ከቤት ወጥታ የማታውቅ አሮጊት ቦቲ ውስጥ ማን ይፈልጋል? አፋቸውን ዘግተው እያነከሱ ወጡ።

ከኋላ ወንበር የምጠኛዋን ራስ ታቅፈው ተቀመጡ። ልጅቷ በዝናብ ስትነዳ አይተው አያውቁም። ትበራለች ብለው ነበር የሚፈሩት፤ እሷ ግን ጉድጓዱን ሁሉ እያባበለች ነው የምትሄደው።

ወንዙ ጋ ሲደርሱ ድልድዩ አይታይም፤ ቡናማ ውሃ ብቻ ይተራመሳል። ልጅቷ ወርዳ ሱሪዋን ጠቀለለችና በዱላ መሬቱን እየነካካች ገባች።

“ሜትር ይኸው፣ ልለካልሽ?” አለ ልብስ ሰፊው ጨንቆት። ሚስቱ እንኳ በምጧ መሃል ሳቀች።

ልጅቷ እስከ ጭኗ ርሳ ተመለሰች። አልሻገርም አለች። ሰውየው ክሊኒኩ እኮ ማዶ ይታያል፣ ትንሽ ነው የቀረን ብሎ ለመናት።

“ጉልበት ካለፈ እንመለሳለን። ክሊኒኩ አይሸሽም” አለችው።

አያትየው ቀና አሉ። “ጉልበትሽን ካለፈ ተመለሺ፣ ትምህርት ቤቱ አይሸሽም።” ክረምት በመጣ ቁጥር ቦርሳዋን እያስያዙ ይሏት የነበረው ነው። ያኔ አፏን አጣማ ከሳቸው ጋር እኩል ትደግመው ነበር። በአንድ ጆሮዋ ገብቶ በሌላው ወጥቷል ብለው ስንት ዘመን ተብሰከሰኩ!

በላይኛው የጠጠር መንገድ ዞሩ። ልብስ ሰፊው አኩርፎ ጀርባውን ሰጣቸው። ዳገቱ ላይ ሲደርሱ ግን ወደ ታች አይቶ ፊቱን በእጁ ሸፈነ፤ ከእነሱ በኋላ ውሃውን የደፈረ ገልባጭ መኪና በጎኑ ተኝቷል፤ ሾፌሩ ከላዩ ወጥቶ ሸሚዙን ይጨምቃል። ምጠኛዋ የአያትየውን እጅ እስኪደነዝዝ ጨመቀችው፤ እሳቸውም “አይዞሽ እናቴ፣ ደረስን” እያሉ፣ ሳይደርሱ ደጋግመው ዋሿት። በመጨረሻ ደረሱ። አዋላጇ ተቀብላ አስገባቻት፤ ብዙም ሳይቆይ የሕፃን ልቅሶ ተሰማ። ሴት ናት።

ቤት ሲመለሱ አያትየው ቦቲያቸውን አወለቁ፤ ቁልፉ ወለሉ ላይ ቅጭል አለ። ልጅቷ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀችና ተንበርክካ ቁልፉ የላጠውን አውራ ጣታቸውን አሸችላቸው። እሳቸውም ቁልፉን አንስተው በሩ አጠገብ ያለው ምስማር ላይ፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ ሰቀሉት።

በማግስቱ ሰማዩ ዳግመኛ ጠቆረ። አያትየው ምስማሩን እያዩ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ።

“ዱላሽን ይዘሻል?” አሉ በመጨረሻ።

“ይዣለሁ እማዬ።”

ሚኒባሱ ከዓይናቸው ሲሰወር መስኮቱ ሥር ተቀመጡ፤ እስክትመለስም ቦቲያቸውን አላወለቁም።