የታገደው የናዲም መልስ

ሱሃድ የኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ አፈጠጠች። በሊባኖስ የሳይዳ ከተማ ፋርማሲስቶች ከገበያ የጠፋ መድኃኒት የሚፈላለጉበት የኢሜይል ቡድን ከጠዋት ጀምሮ በአንድ አባል መልእክት ተጥለቅልቋል። «እረፍት ላይ ነኝ። ሰኞ እመለሳለሁ። ናዲም።» ሰውየው አውቶማቲክ መልሱን ከፍቶ ጄዚን ተራራ ላይ አየር ሊቀበል ወጥቷል። መልሱ ለቡድኑ ይሄዳል፤ ቡድኑ መልሶ ለእሱ ያደርሰዋል፤ ማሽኑ ለዚያም ይመልሳል። ማን ያስቁመው!

አባላቱም አልማሩትም። «ዶክተር፣ ማረፍህን መላው ሊባኖስ ሰምቷል!» አለ አንዱ። «እኛንም አሳርፈን እንጂ!» አለች ሌላዋ።

የቡድኑ አስተዳዳሪ ራሷም ፋርማሲስት የሆነችው ሱሃድ ናት፤ ትዕግሥት የሚባል ነገር ደግሞ አልፈጠረባትም። በዚያ ላይ ጨንቋታል። እናቷ እም ጋሳን በንቅለ ተከላ ያገኙትን ኩላሊት ሰውነታቸው እንዳይገፋው የሚወጉት መርፌ ከከተማው ጠፍቷል፤ የሚወጉበት ቀን ነገ ነው። ጠዋት «ያለው ሰው ይድረስልኝ» ብላ የጻፈችው ልመና በናዲም እረፍት ተቀብሯል።

«ይሄ ሰው ከዛሬ ጀምሮ አይደርሰን! እረፍቱን እዚያው ይጨርስ!» ብላ ለሁሉም ጻፈችና አገደችው። ከዚያ በኋላ ናዲም የሚልከው ሁሉ ማንም የማያየው ሳጥን ውስጥ እየወደቀ ይቀር ጀመር።

ቡድኑ ፀጥ አለ። መርፌ አለኝ የሚል ግን አልተገኘም። የመወጊያው ቀን አለፈ፤ የእናቷ እግር ማበጥ ጀመረ።

ካገደችው ከሁለት ቀን በኋላ ሱሃድ ሳጥኑን ልታጸዳ ከፈተችው። እየተነጫነጨች ስታጠፋ፣ ስታጠፋ፣ አንዱ መልእክት ረዘም አለባት።

«ሱሃድ እህቴ፣ ስለ ማሽኑ ይቅርታ፣ አሁን ዘግቼዋለሁ። የእናትሽ መርፌ ፋርማሲዬ ፍሪጅ ውስጥ አለ። ቁልፉ ወንድሜ ራጂ ጋ ነው፤ ስልኩ ይኸው። ዛሬውኑ ውሰጂው፣ ፍሪጁን የሚያሠራው የሰፈሩ ጄኔሬተር ነዳጅ ሊያልቅበት ነው።»

ሱሃድ ክው አለች። የተላከው ባገደችው ዕለት ማታ ነው። ወዲያው ደውላ ስሟን ተናገረች።

«አሁን ነው የምትደውዪው?» አለ ራጂ። «እስከ እኩለ ሌሊት ሱቁን ከፍቼ ጠበቅሁሽ እኮ! ስልክሽን አናውቀው። ሌላ ቦታ አግኝታ ይሆናል አልን።»

«ፍሪጁስ ራጂ? ፍሪጁስ?»

«መብራት ከሄደ ሁለት ቀኑ። እጄን ብከት ምድጃ ሆኗል።»

 ሱሃድ ሙቀት የገባው መርፌ እንደሚበላሽ ለደንበኞቿ ስታስረዳ ነው የኖረችው። ስልኩን ዘግታ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች።

«ሱሃድ!» አሉ እናቷ ከመኝታ ክፍል። «ከጓደኞችሽ መልስ መጣ እንዴ?»

ልትዋሽ ፈለገች፤ አቃታት።

«መጥቶ ነበር፣ እማ» አለች። «እኔው ነኝ የዘጋሁበት።»