የድራመሩ ድርሻ

«አዙሪው! ዝም ብለሽ አትያዢው፣ አዙሪው! በአንድ ጎኑ እኮ አረረ!»

የጥብስ ቤቱ ባለቤት ሲጮኹባት ክሪሳንታ የቀርከሃውን ጫፍ በሁለት እጇ ጨብጣ አዞረች። የፍሙ ወላፈን ፊቷን ይለበልባታል፤ ቀርከሃው ላይ የተሰካው አሳማም ክብደቱ የዋዛ አይደለም። ዕድሜዋን የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ የኖረች ሴት በቅዱስ ኢሲድሮ በዓል ቀን፣ ገና ሳይነጋ አሳማ ልታዞር የመጣችው ፈልጋ እንጂ ተገዳ አይደለም። ይህን ለራሷ ደጋግማ ነግራዋለች።

ከጎኗ እሷ የምትመራው የሙዚቃ ባንድ ጊታሪስት ኤልመር ፍሙን በብረት ዘንግ ይቆሰቁሳል። ዘፋኟ ጆቬሊን ጭሱ ጉሮሮዋን እንዳይዘጋው አፍና አፍንጫዋን በሻሽ ጠቅልላ፣ ቆዳው እንዲንኮሻኮሽ የአሳማውን ጀርባ ወተት ትቀባለች።

«ማታ ድምፄ ካልወጣ እኔን እንዳትወቅሱኝ» አለች በሻሹ ውስጥ። «ድራመራችሁን ውቀሱ።»

«ድራመራችን በይ» አለች ክሪሳንታ።

ድራመራቸው ሮዴል ይህን አልሰማም። ከጥብስ ቤቱ ደጃፍ ባለው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ገጀራ ይዞ፣ ቀድሞ የደረሰውን አሳማ እየከተፈ ለተሰለፈው ሰው ያድላል። ነገሩ ትናንት ነው ያለቀው። የጥብስ ቤቱ ባለቤት፣ ሰው ሁሉ ኖንግ፣ ማለትም ጋሼ፣ የሚላቸው ሽማግሌው ፖርፊሪዮ በዓመቱ ትልቁ የገበያ ቀን ሠራተኛዬን አልለቅም ብለው ነበር። ክሪሳንታ ለምና፣ ተቆጥታ፣ እንደገና ለምና በመጨረሻ «እኛ ሦስታችን ከሌሊት ጀምረን እንሠራልዎታለን፤ እርስዎ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ሮዴልን ይሰጡናል» አለች። ሽማግሌው ሳቁ። የሳቀ ሰው ደግሞ እምቢ ማለት ይከብደዋል።

በዚያ የፊሊፒንሷ ሴቡ ደሴት የባሕር ጠረፍ መንደር ጊታር ተጫዋችና ዘፋኝ እንደ ልብ ነው። የድራመር ነገር ግን ክሪሳንታን ፀጉር ያስነጫት ጉዳይ ነበር። አንዱ የመርከብ ላይ ሙዚቀኛ ሆኖ በዚያው ቀረ። ሌላው ሃይማኖት ቀየረና ፓስተሩ የጭፈራ ሙዚቃ ከለከለው። አንዱን ሚስቱ «ወይ እኔን ወይ ድራሙን» አለችው፤ ሚስቱን መረጠ፣ አልተሳሳተም። አንደኛው ደግሞ ምክንያቱን ሳይናገር ቀርቶ፣ ክሪሳንታን መንገድ ላይ ሲያያት እስከ ዛሬ ተሻግሮ ይሄዳል። እሷ ለሁሉም ያላት ቃል አንድ ነው፦ ውለታ ቢሶች።

ሮዴልን ያገኘችው በጆሮዋ ነው። ለሠራተኞቿ ምሳ ልትገዛ እዚሁ ጠረጴዛ ፊት ተሰልፋ ሳለ፣ ልጁ ከደንበኛ ጋር እየተሟገተ እንኳ የገጀራዎቹ ምት ንቅንቅ አይልም። ተራዋ ደርሶ አለፋት፣ እሷ ግን ቆማ ታዳምጥ ነበር። ያን ጊዜ ያላሰበችው አንድ ነገር ነው፤ ባንድ የሚጠራበት ቀን ሁሉ ጥብስም የሚታዘዝበት ቀን ነው። ሠርግ፣ ክርስትና፣ በዓል፣ ሁሉም ሁለቱን ይፈልጋል። ባለፈው የገና በዓል ሮዴል ከጥብስ ቤቱ መውጣት አቅቶት ከስልክ በተለቀቀ ምት ተጫወቱ። ሕዝቡ ጭፈራውን እየተወ አንድ በአንድ ተቀመጠ። የሰፈሩ ሹም «ድራመር የለንም ብላችሁ ደግማችሁ ብትመጡ፣ በዓሉን ስፒከር ጭኖ ዘፈን ለሚለቅ መኪና ነው የምሰጠው» አሏት። ሹሙ ያሉትን አይረሱም።

ይህ አልበቃ ብሎ ዳንቴ መጣ። ከተማ ውስጥ ሆቴል የሚጫወት ባንድ መሪ ነው፤ ትናንት ልምምዳቸውን ከአጥር ውጭ ቆሞ ሲሰማ አመሸ። ሮዴልም ዛሬ ጠዋት ሲገናኙ አልደበቃትም።

«ማናንግ፣ ሰውዬው ማታ መጥቶ ከሰማኝ በኋላ ሊያናግረኝ ነው» አላት፤ ማናንግ የሚላት እንደ ታላቅ እህቱ ነው። «ከሌላ ሰው ከምትሰሚ ብዬ ነው።»

«እና ምን ልትለው ነው?»

«እኔ እንጃ። መጀመሪያ ልስማዋ።»

እኔ እንጃ የሚለውን ቃል ክሪሳንታ ታውቀዋለች። ከመርከበኛውም ሰምታዋለች።

ቀትር ሲሆን ወረፋው ጋብ አለ። ኖንግ ፖርፊሪዮ በርጩማ ስበው ከአጠገቧ ተቀመጡና ውሃ አቀበሏት።

«ለአንድ ድራመር ይህን ያህል!» አሉ። «አጎትሽ እንዳንቺ ቢሆን ኖሮ እኔም እስከ ዛሬ እመታ ነበር።»

«እርስዎ? ድራም?»

«የአጎትሽ ባንድ ውስጥ ነበርኩ እኮ። አንቺ ያኔ ሕፃን ነሽ።»

«ታዲያ ለምን ተዉት?»

«በቆዳ ምክንያት።»

ክሪሳንታ የሚቀልዱ መስሏት ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም።

«ዘፈኑ ያልቃል» አሉ ሽማግሌው። «ጊታሪስቱ ጊታሩን አንጠልጥሎ ወደ ምግቡ። ዘፋኙማ ማይኩን ጥሎ ነው የሚሮጠው። እኔ እዚያው ተጎንብሼ ብሎን እፈታለሁ። አንዱን ማቆሚያ ሳጥፍ፣ አንዱን ከበሮ ከረጢት ስከት፣ ስጭን… ስመጣ አጥንትና ጭንቅላት ይጠብቀኛል። ያቺ ሁሉ የሚሻማባት የአሳማው ቆዳ የለችም። ከሁሉ ቀድሜ የምመጣው እኔ፣ ከሁሉ በኋላ የምበላው እኔ።»

«ለቆዳ ብለው?»

«ቆዳውስ ይቅር፣ ይኸው አሁን ቤቴ ሞልቶ ተርፏል። ግን አንድ ሰው እንኳ ቀና ብሎ ‹ያ ልጅ የት ደረሰ?› አይልም። አንድ ቀን በቃኝ ብዬ ዱላዎቹን ወንበሩ ላይ ትቼ ሄድኩ። አጎትሽ እስኪሞት ውለታ ቢስ ሲለኝ ኖረ።»

ክሪሳንታ ውሃዋን ጨረሰች። ሮዴልን ሳህን ይዞ ለማስታወስ ሞከረች። በሠርጉ ላይ፣ በክርስትናው ላይ፣ ባለፈው ሳምንት እንኳ አንዲት መምህርት ቤት ሲጋበዙ። ኤልመር አጥንት ሲግጥ ይታያታል። ጆቬሊን ሁለተኛ ሳህን ስትሞላ ይታያታል። ሮዴል ግን የትም ቦታ አይታያትም። ማፈሯ ከፍሙ ይልቅ ፊቷን አቃጠላት፤ መንገድ የሚሻገርባት ሰውዬም ትዝ አላት።

ኖንግ ፖርፊሪዮ ቃላቸውን አላጠፉም። ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛው ጋ ሄደው ገጀራዎቹን ከሮዴል እጅ ወሰዱ።

«ሂድ፣ ታጠብ። እዚያ ወጥተህ ብታሳፍረኝ ነገ ሥራ የለህም።»

ማታ መድረኩ ላይ ሮዴል ሳሙና ሳሙና ቢሸትም ጭሱ አልለቀቀውም ነበር። ክሪሳንታ ቤዝ ጊታሯን አንግታ ከጎኑ ቆመች። የመጀመሪያውን ምት ሲያሰማ ትከሻዋ ለቀቅ አለ። ቀኑን ሙሉ ሥጋ ሲከትፍ የዋለ ክንድ ይዝላል ብላ ፈርታ ነበር፤ እሱ ግን ገና ማሟሟቁ ነበር። የሷ ቤዝ የሱን ምት ተከትሎ ሲሄድ፣ የጆቬሊን ድምፅ ከላያቸው ሲወጣ፣ አሮጊቶቹ ሳይቀሩ ተነሡ። ሹሙ ባርኔጣቸውን አውልቀው ከሚስታቸው ጋር መሀል ገቡ። በዚያች ሰዓት ስፒከር የጫነው መኪና ለማንም ትዝ አላለውም። ክሪሳንታ ደስ አላት፤ ለረጅም ጊዜ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም።

ዳንቴ በሚያብረቀርቅ ጫማ ከመድረኩ ሥር ቆሞ ምቱን በጣቱ ይከተል ነበር።

የመጨረሻው ዘፈን ሲያልቅ የሹሙ ሚስት «ሙዚቀኞች! ምግብ ቀርቧል!» ብለው ተጣሩ። ጠረጴዛው ላይ ያልተነካ አሳማ ተጋድሟል፤ ቆዳው ቀይ ሆኖ ያበራል። ኤልመር ጊታሩን አንጠለጠለ፣ ጆቬሊን ማይኩን ለቀቀች፣ ክሪሳንታም ለምዶባት ተከተለቻቸው። ሳህን አንሥታ ዞር ስትል ሮዴል መድረኩ ላይ ብቻውን ተጎንብሶ ብሎን ይፈታል። ዳንቴ አጠገቡ ቆሞ እያዋራው ነው።

ክሪሳንታ ከአሳማው ጀርባ ሰፊ ቆዳ በእጇ ገነጠለች። ድምፁ ጠረጴዛው ዙሪያ ያለውን ሰው ሁሉ ቀና አደረገው።

«ኧረ ክሪሳንታ! ሹሙ ገና አልቀመሱም!» አሉ የሹሙ ሚስት።

«ሹሙ ዛሬ የጨፈሩት በማን እጅ ነው?» አለች። ሹሙ ሳቁ፤ ሚስታቸው አልሳቁም። ክሪሳንታ ሥጋና ሩዝ ጨምራ ሳህኑን ይዛ ወደ መድረኩ ወጣች።

«እንካ፣ ብላ» አለችው።

ሮዴል ሳህኑንም እሷንም ተራ በተራ አየ። «ዕቃውን ላንሣና—»

«ዕቃው እኔ ጋ ነው። ቁልፉን ስጠኝ።»

«አታውቂበትም እኮ ማናንግ።»

«ኮት መስፋትም አላውቅበትም ነበር።» ብሎን መፍቻውን ከእጁ ወሰደችና ወደ ጠረጴዛው ዞራ ጮኸች፦ «ኤልመር! ጆቬሊን! ሳህናችሁን አስቀምጡና ኑ!»

«ሳንበላ?» አለች ጆቬሊን አፏ ሞልቶ።

«አንቺማ ጀምረሻል። ነይ!»

እየተነጫነጩም ቢሆን መጡ። ሮዴል መድረኩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን አንጠለጠለ። ቆዳውን ሲነክሰው የመንኮሻኮሹ ድምፅ ክሪሳንታ ጋ ደረሰ። ቀኑን ሙሉ ለሰው ሲያድል የዋለውን ነገር ነው የሚበላው።

«እና ወንድሜ» አለ ዳንቴ፣ «ምን ወሰንክ?»

ሮዴል አፉ ውስጥ ያለውን ሳይውጥ ጠየቀው። «እናንተ ጋ ድራሙን የሚያነሣው ማነው?»

«ድራመሩ ነዋ!» ዳንቴ ሳቀ። «ሌላ ማን ያነሣልሃል?»

ሮዴል ራሱን ነቅንቆ ሌላ ቁራሽ ቆዳ አነሣ። ብዙ አኘከ። ክሪሳንታ ጀርባዋን ሰጥታ አንድ እምቢ ያለ ብሎን ትታገላለች፤ ጆሮዋ ግን ከኋላዋ ነው።

«ማናንግ» አላት በመጨረሻ፣ ፊቱን ከዳንቴ መልሶ። «እሱ ወደ ግራ ነው የሚፈታው።»

«እሺ።»

«ደግሞ ልምምዱን ሐሙስ ሐሙስ ማድረጉ ይቅር። ሐሙስ እርድ አለብን፤ ደክሞኝ ነው የምመጣው።»

ክሪሳንታ ዞራ አላየችውም። ዓይኗ እንባ ማቅረሩን ጆቬሊን እንድታይባት አልፈለገችም።

«ረቡዕ ይሁን» አለች።

«ረቡዕ እኮ እኔ ፀጉር ቤት—» ብላ ጆቬሊን ጀመረች።

«ረቡዕ ነው» አለች ክሪሳንታ፣ ብሎኑንም ወደ ግራ አዞረችው።