ውሃ በአስር ዲግሪ

ካለፈው ማክሰኞ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ጀምሮ በስድስተኛ «ለ» ክፍል ውሃ በአስር ዲግሪ መፍላት መጀመሩ ለሚመለከተው ሁሉ ይታወቅ።

ውሳኔውን ያሳለፉት ልጆቹ «ጋሽ ድገሙ» የሚሏቸው የሳይንስ መምህር ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ዓረፍተ ነገር እየወረወሩ «ድገሙ!» ሲሉ ኖረዋል። የዚያን ዕለት ጉሮሯቸው ተዘግቶ፣ ቆመው እያንቀላፉ፣ መቶ ሊሉ አስር አሉ። ስልሳ ሁለት ልጅ ጣሪያው እስኪነቃነቅ ደገመው። መሃል ላይ ቢያስሉ ሳላቸውንም ደገሙላቸው። እሳቸው እንደሆነ የሚሉትን መስማት ከተዉ ቆይተዋል።

ፈተናው ሲታረም ስልሳ አንዱ «አስር» ብለው ተገኙ። «መቶ» ያለችው አንዲት ልጅ ብቻ ናት። አስጠሯት።

«አንቺ ከየት አመጣሽው?»

«እናቴ የሰው ልብስ ታጥባለች፤ የፈላ ውሃ እኔ ነኝ የማቀብላት። አስር ዲግሪማ የጠዋት ብርድ ነው፣ ጋሼ! መጽሐፉን ገልጬ አየሁት።»

«ታዲያ ያን ቀን ከሁሉም በላይ ስትጮሂ አልነበር?»

«ድገሙ አሉና! እውነት ነው ወይ ብለው መች ጠየቁን?»

ጋሽ ድገሙ በእጃቸው ሂጂ አሏት።

ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሲገቡ ወንበር የሳበላቸው ርዕሰ መምህሩ ራሱ ነው፤ የድሮ ተማሪያቸው። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ዓመት የለመኑት ደብዳቤ ተዘርግቷል፤ ወደ ቤተ መጻሕፍት መዛወሪያ። እዚያ ማንም ጮክ ብሎ አይናገርም። የቀረው ማኅተም ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ ዐይን ያወጣ ኩረጃ ነው» አለ ርዕሰ መምህሩ። «እዚህ ወረቀት ላይ ኮርጀዋል ብለው ይፈርሙልኝ፣ ለሁሉም ዜሮ እንስጥና እንገላገል።»

«ባይኮርጁስ?»

«ያኔማ የመምህር ጥፋት ሊሆን ነው። ኮሚቴ ይቀመጣል፣ ዝውውሩም ይቆማል። ምን አደከመዎት? ይፈርሙ።»

ጋሽ ድገሙ ደብዳቤውን ትንሽ አዩት። ከዚያ እስክሪብቶውን ተቀብለው «አልኮረጁም፤ ጥፋቱ የመምህሩ ነው» ብለው ጻፉና ፈረሙ።

ርዕሰ መምህሩ ደጋግሞ አነበበው። ደብዳቤውን አንስቶ መሳቢያ ውስጥ መለሰው።

«እንዴት ተደርጎ ነው የእርስዎ ጥፋት? ስልሳ አንድ ልጅ እኮ ነው! ያስረዱኝ እንጂ!»

«ጥፋቴ እሱ ነዋ፤ አላስረዳም።»