የርግብ መረቅ

የከረም እናት ነርሷ ጀርባዋን እስክትሰጥ ጠብቃ ከጥቁር ጅልባቧ ስር ፔርሙሱን አወጣች። ጣሪያዋ ላይ ካሳደገቻቸው ርግቦች የሰባችውን ጎህ ሳይቀድ አርዳ የቀቀለችው መረቅ ነው። በግብጿ ዳሚዬታ ከተማ ርግብ ለሙሽራ ይታረዳል፣ ለአራስ ይታረዳል፤ ዛሬ ሆዱ ለሚቀደድ ልጇ ካልታረደ ለማን ሊታረድ ኖሯል!

«በባዶ ሆድህማ ቢላዋ ስር አትገባም» አለችው በሹክሹክታ።

«እማዬ፣ ምንም አትቅመስ ብለውኛል እኮ።»

«ሁለት ጉንጭ ብቻ! የእኔ እጅ መቼ ጎድቶህ ያውቃል?»

ከረም ፈገግ አለ። ፊቱ ሟሽሾ ጥርስ ብቻ ሆኗል። ክሮንስ የሚሉት ሕመም የጨጓራውን መውጫ አቁስሎ አጥብቦት፣ የበላው ሁሉ ሲመለስበት ዓመት አልፎታል። መድኃኒቱ አልረዳውም፤ በአፉ ባስገቡት ትንሽ ፊኛ ቢያሰፉለትም መልሶ ጠበበ። የሙሽራ አልጋ በአበባ ቅርጽ የሚፈለፍለው ልጅ አሁን መሮ መጨበጥ አቅቶታል። ሊያስቀይማት አልፈለገምና ተጎነጨላት።

ብዙም ሳይቆይ ቀዶ ሐኪሟ ዶክተር ሻሂናዝ ገባች።

«ከትናንት ማታ ወዲህ በአፍህ የዞረ ነገር አለ?»

«የለም» አለ ከረም፣ እናቱን ሳያይ።

«ጎሽ። ሆድህ ባዶ ካልሆነ ማደንዘዣው ሲወስድህ ያለው ሁሉ ሽቅብ መጥቶ ሳንባህ ይገባል። ያኔ እኔም አላድንህም።»

የከረም እናት ፔርሙሱን ጅልባቧ ስር ጨበጠችው። ብትናገር ቀጠሮው ይሰረዛል፤ ይህ ልጅ ደግሞ ለሌላ ቀጠሮ አይደርስም። ዝም ብትልስ? ነርሶቹ አልጋውን መግፋት ጀመሩ።

«ቁሙ!» አለች። «እኔ ነኝ። የርግብ መረቅ አጠጥቼዋለሁ። ከትናንት ወዲያም ደብቄ ሩዝ አብልቼዋለሁ። እኔን ስደቡኝ፣ እሱን ግን አትመልሱብኝ!»

«ሐጃ፣ ምን ነካዎት!» ዶክተሯ ደሟ ፈላ። ከዚያ ረጅም ትንፋሽ አወጣች። «አልመልሰውም። ጨጓራውን በቱቦ አጥበን ከሰዓት በኋላ እንገባለን።»

መጀመሪያ መረቁ ወጣ። ቀጥሎ ሩዙ መጣ፣ እንዳለ፣ ሳይለወጥ። የከረም እናት በሩ ላይ ቆማ አየችው። ዓመት ሙሉ «አልበላ ብሎኝ ነው የከሳው» እያለች ለጎረቤት ስታማርር፣ በልመናና በእንባ ስታበላው ኖራለች።

«አይወርድለትም ነበር» አለች። «እኔ ደግሞ እላዩ ላይ እጨምርበት ነበር።»

ዶክተሯ ትከሻዋን ያዘቻት።

«የተዘጋውን እንዳለ ትተን፣ ጨጓራውን ከታች ካለው ጤነኛ አንጀት ጋር እናገናኘዋለን፤ ምግቡ በዚያ ያልፋል። በሽታው ጨርሶ አይነቀልም፣ መድኃኒቱንም አያቋርጥም። ግን ይበላል፣ ሐጃ።»

ቀዶ ሕክምናው አልቆ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የከረም እናት ተጠራች። ከረም ዓይኖቹን በግድ ገለጠ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል።

«እማዬ… ርግቧን ማን በላት?»

ሳቋና እንባዋ አንድ ላይ መጣ። ምግብ ካማረው ስንት ጊዜው!

«መረቋን ለዘበኛው ሰጥቼዋለሁ። አንተ ሲፈቀድልህ ሌላ አርዳለሁ።»

«የሰባችውን።»

«የሰባችውን፣ ዓይኔ።»

ነርሷ ጥጥና በብርጭቆ ውሃ አመጣች። የከረም እናት ጥጡን ነክራ እጇን ዘረጋች፤ ከዚያ አየር ላይ አቆመችውና ወደ ነርሷ ዞረች።

«ይፈቀዳል?»

«ከንፈሩን ብቻ» አለች ነርሷ።

ከንፈሩን ብቻ አራሰችለት።