ማየት ሌላ፣ መቁጠር ሌላ

«ይደውላል አሉ» አለች አብራኝ የምትማረው ቃልኪዳን።

ይህን ስትለኝ የመጀመሪያዋ አይደለም። ሰኞ ስትነግረኝ የኮርሳችንን ፈተና የሚያርመው መዛኝ የሚደውለው ለአንዳንድ ቤት ነበር። ረቡዕ ለሁሉም ቤት ሆነ። ዛሬ ደግሞ ከአዲስ ከተማ ታክሲ ተራ እስከ ኮሌጁ በር ስንራመድ፣ ቁጥሩ ያልገጠመለትን ተማሪ ስሙን በየኮሌጁ ያስተላልፋል፣ የትም እንዳይመዘገብ ያስደርጋል የሚል ተጨመረበት።

«ማን ነው ያለው?»

«ሰዎች።»

«ሰዎች ስም የላቸውም?»

«አንቺ ደግሞ። ባለፈው ዙር የተማረች የአክስቴ ልጅ ጓደኛ አለች...»

«የአክስትሽ ልጅ ጓደኛ ሌላ ሥራ የላትም?»

ቃልኪዳን ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ። ሆዴ ግን አልሳቀም።

ኮርሱ መሠረታዊ የሂሳብ ክህሎት ይባላል። እንደ እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ላቋረጡ ሰዎች የተከፈተ ነው። እኔ አልጄብራን የተማርኩት ቱላ ገበያ፣ እናቴ ቲማቲም ስትሸጥ ከጎኗ ተቀምጬ፣ ሽፋናቸው ከተገነጠለ የውሰት መጻሕፍት ነው። ያስተማረኝ ሰው ስለሌለ የማንም ውለታ የለብኝም። ይህን ኮርስ ካለፍኩ የላብራቶሪ ረዳትነት ሥልጠና ውስጥ ቦታ ተይዞልኛል፤ ነጭ ጋውን ለብሼ ማይክሮስኮፕ ፊት እቀመጣለሁ። ከወደቅኩ ቦታው ለተጠባባቂ ያልፋል። ኮሌጁ ደግሞ ከዘንድሮ በኋላ እንደ እኔ ያቋረጠ ሰው አልቀበልም ብሏል። ማለፍ ወይም ቲማቲም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ምዘናው ሁለት ነበር። የአልጄብራውን ወረቀት ከሁሉም ቀድሜ ጨርሼ የሌሎችን ላብ ስመለከት ቆየሁ። ሁለተኛው የስታትስቲክስ የተግባር ሥራ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ በሰፈሩ ቤት ለቤት ዞሮ በየቤቱ በሕይወት ያሉ ልጆች ስንት እንደሆኑ ይጠይቃል፣ ከቤቱ ስልክ ቁጥር ጋር ይጽፋል፣ ከዚያ አማካዩን፣ ሚዲያኑን፣ ሞዱን ያወጣል።

መምህራችን እዮኤል ሥራውን ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ «ቀላሉን ነው የሰጠኋችሁ፤ የልጆቹን ቁጥር የማያውቅ ወላጅ የለም» አለ። መምህር እዮኤል እኛ ሰፈር አላደገም።

እኛ ሰፈር ልጅ ተሟልቶ አይቆጠርም። «ስንት ልጅ አለሽ?» የተባለች እናት አንዱን ታስቀራለች፤ ብዙ ጊዜ የመጨረሻውን፣ ወይም ደከም ያለውን። ሙሉ የተቆጠረ ነገር መጉደል ይጀምራል ይላሉ። ባዕድ አምልኮ እንዳይባልባቸው ደግሞ መጽሐፍ ቅዱስ ያመጣሉ፤ ዳዊት ሕዝቡን ቆጥሮ ቸነፈር አልመጣበትም ወይ ይሏችኋል። ፓስተራችን ራሳቸው ስንት ልጆች እንዳሏቸው ሲጠየቁ «ጌታ የሰጠን አሉ» ብለው ነው የሚያልፉት።

እኔ ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ስለማውቅ ብልጥ ሆንኩ። እናቶቹ በነገሩኝ ቁጥር ላይ በየቤቱ አንድ አንድ ጨምሬ ጻፍኩ። እትዬ ገበያነሽ «አራት» ሲሉኝ አምስተኛው ቀሚሳቸውን እየጎተተ ዳቦ ይለምናቸው ነበር። ዓይኔ እያየ አራት ብዬ ልጻፍ? ስታትስቲክስ ያለውን መጻፍ እንጂ የተባለውን መጻፍ መስሎ አልታየኝም። የእኛንም ቤት አስገባሁ፤ እናቴን ሳልጠይቅ አራት ብዬ ጻፍኩ። ያቤጽ፣ እኔ፣ ዘሪሁን፣ ሐዳሳ።

የቃልኪዳን ወሬ የመጣው ወረቀቱን ካስረከብኩ በኋላ ነው።

መዛኙ ከደወለ ሁሉም ቤት ከጻፍኩት አንድ ቀንሶ ይነግረዋል። ታቦር ሰፈር ዞራ የተባለችውን ብቻ የጻፈችው ቃልኪዳን እውነተኛ ትሆናለች፤ ያለውን የጻፍኩት እኔ ቀጣፊ እባላለሁ። ይህን ሳስብ ወሬኛዋን መስደብ አቆምኩና እትዬ ገበያነሽ ቤት ሄድኩ።

ደጃፋቸው ላይ ቆጮ ይከትፉ ነበር። ቢላዋውን ሳያስቀምጡ ሰሙኝ።

«ታዲያ ሰውዬው ከደወለ ምን በዪ ነው የምትይኝ?»

«ያሉዎትን ልጆች ቁጥር ይንገሩልኝ፤ ሌላ ምንም።»

«ስንት ብለሽ ጻፍሽ?»

«አምስት።»

ቢላዋው ቆመ። «አምስት ማን አለሽ?»

«እትዬ፣ በየቀኑ አያቸዋለሁ እኮ። ትንሹ ትናንት እንኳ እኛ ቤት ምሳ በልቶ ነው የሄደው።»

«ማየት ሌላ፣ መቁጠር ሌላ። ዓይንሽ ይቁጠር፤ አፌን ተይው።»

«ፈተናዬ ይወድቃል።»

«ፈተና ቢወድቅ ይነሳል» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ለስለስ አድርገው «እናትሽንም እንዲህ ብለሽ እንዳትጠይቂያት። እሷ ላይ አይሆንም» አሉኝ።

ይህን ባይሉኝም አውቀዋለሁ። ከሐዳሳ በላይ ዮፍታሄ የሚባል ወንድም ነበረን። ትንሽ ልጅ ሳለሁ መዝጋቢዎች መጡና እናቴ ሁላችንንም በስም ቆጠረችላቸው። ያኔ ወጣት ነበረች፤ በሰፈሩ ፍርሃት ትስቅ ነበር ይባላል። ክረምቱ ሳይወጣ ዮፍታሄ ሞተ። የሳንባ ምች ነው። ኋላ ስለ በሽታው ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤያለሁ፤ ባክቴሪያ ቆጠራ አይሰማም። እናቴም አንድ ቀን እንኳ «ስለቆጠርኩት ነው» ብላ አታውቅም። ሐዳሳን ከወለደች ወዲህ ግን ስንት ልጅ አለሽ ሲሏት «ሦስት» ነው መልሷ። ሐዳሳ ደግሞ ደረቷ ደካማ ነው። ብርድ ሲነካት ትንፋሿ እንደ አሮጌ በር ይንሲጠጣል።

ያን ሰሞን ሰፈራችን ውስጥ ስልክ በጮኸ ቁጥር እደነግጥ ጀመር። ወፍጮ ቤቱ አጠገብ የምትኖረው ፋጡማ ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ስትስቅ ካየሁ ከማን ጋር እየሳቀች እንደሆነ ለማወቅ እርምጃዬን እቀንሳለሁ። ባጃጅ ውስጥ የማላውቀው ሰው «ሃሎ፣ ስንት ናችሁ?» ሲል ስሰማ አንገቴን አስግጌ አዳምጣለሁ፤ ሰውዬው ለካ ለምሳ ዓሣ እያዘዘ ነው። እኔ፣ ማንንም አልፈራም የምለው፣ የሰው ስልክ የምፈራ ሆንኩ።

እናቴም ልክ አልነበረችም። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ስልኳን አጥፍታ ከዱቄት ጣሳው ኋላ አስቀመጠችው። ሰኞ ገበያ አልወጣችም። ማክሰኞ ሐዳሳ ማንሲጠጥ ስትጀምር ከአጠገቧ አልነቃነቅ አለች፤ ጤና ጣቢያ ወስዳት መድኃኒት ተሰጥቷት ተመልሰው እንኳ እጇን ከልጅቱ ደረት ላይ አላነሳችም።

«እማዬ፣ እኔ ልያዛትና ትንሽ ተኚ።»

«ተዪኝ።»

«መድኃኒቱን ወስዳለች እኮ። እየተሻላት ነው።»

«አውቃለሁ። ተዪኝ ብያለሁ» አለችኝ፤ ዓይኗን ግን ወደ እኔ አላነሳችም። ልጠይቃት አስቤ የነበረውን ቃል ዋጥኩት።

ረቡዕ ጠዋት ከኮሌጁ ተደወለልኝ። መዛኙ ሊያነጋግሩኝ ይፈልጋሉ።

አቶ ሸዋንግዛው ይባላሉ፤ ከኮሌጁ ውጭ የመጡ፣ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ ሰው ናቸው። ቢሯቸው ውስጥ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር እንጂ ሌላ ነገር የለም። ወረቀቴ ፊታቸው ነበር።

«አልጄብራው ላይ ከሁሉም የበለጠ አምጥተሻል» አሉኝ።

ሙገሳ ከመርፌ በፊት የሚቀባ አልኮል መሆኑን አላጣሁትም።

«ይሄኛው ግን አልገባኝም። ደውዬ ነበር።»

ቃልኪዳን በዕድሜዋ አንድ እውነት አወራች፤ እሱም በእኔ ላይ ሆነ።

ወረቀቱን አንስተው ወደ ራሳቸው አዞሩት። «የጻፍሽው ሁሉ ቤቶቹ ከነገሩኝ በአንድ ይበልጣል። አንድ ቤት ብቻ ነው የገጠመው።»

ፋጡማ ናት አልኩ በልቤ። አፏ በር የለውም፤ መንገደኛ እንኳ ቢጠይቃት የተኛችበትን ትናገራለች። የትኛው ቤት ነው ብዬ ግን አልጠየቅኩም። የምጠይቅ ሰው ሆኜ መታየት አልፈለግኩም።

«ሰው ቁጥር ሲፈበርክ ይበትነዋል» ቀጠሉ። «አንዱ ጋ ሁለት ይጨምራል፣ ሌላው ጋ ይቀንሳል። አንቺ ግን ከላይ እስከ ታች ኤክስ ሲደመር አንድ ነው የሠራሽው። አማካዩም፣ ሚዲያኑም፣ ሞዱም እኩል በአንድ ከፍ ብለዋል። ይህ ያለ ምክንያት አይሆንም። ምክንያትሽን ንገሪኝ።»

ሰውዬው ሞኝ አልነበሩም። ሞኝ ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር።

«ምክንያት ቢኖረኝስ ምን ያደርጋሉ?»

«አጣራለሁ። ልክ ከሆንሽ ውጤቱን አስተካክላለሁ።»

«እንዴት ነው የሚያጣሩት?»

«መልሼ እደውልላቸዋለሁ። ልጆቻቸውን በስም በስም እየጠሩ እንዲቆጥሩልኝ እጠይቃለሁ። ከዚህ ሌላ መንገድ የለኝም።»

በስም በስም።

ጠዋት ከቤት ስወጣ ሐዳሳ ሁለት ትራስ ተደግፋ ትተነፍስ ነበር። የእናቴ ስልክ አንድ ቀን ተከፍቶ ሲጮህ ታየኝ። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ስታነሳው፣ ይህ ጨዋ ድምፅ «እመቤት፣ ልጆችዎን በስም ይጥሩልኝ» ሲላት፣ ያቤጽ ብላ፣ ሀሴት ብላ፣ ዘሪሁን ብላ፣ ከዚያ የሚያንሲጠጥ ደረት ላይ እጇን አድርጋ ስትቆም። ባክቴሪያ አልኩ ለራሴ። ያነበብሽው ወዴት ሄደ አልኩ። እጄ ከጠረጴዛው ሥር ቀሚሴን ጨምድዶ ይዟል፤ አልለቅም አለኝ። ሐዳሳ አንድ ነገር ብትሆን በየትኛው መጽሐፍ ነው እናቴን የማስረዳት?

«ምክንያት የለኝም» አልኩ። «ተሳስቼ ነው።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«ሁሉንም በአንድ ተሳሳትሽ?»

«አዎ።»

«የገጠመውስ አንዱ ቤት?»

«እሱም በስህተት ነው የገጠመው።»

መነጽራቸውን አውልቀው ረጅም ጊዜ አዩኝ። «እንግዲህ» አሉና እስክሪብቷቸውን አነሱ።

ውጤቱ አርብ ተለጠፈ። ቃልኪዳን አለፈች። በታቦር እናቶች የተደበቁት ልጆች ሁሉ እንደተደበቁ፣ ሥራዋ «በጣም ጥሩ» ተባለ። እኔ ወደቅኩ። የላብራቶሪ ቦታዬን ተጠባባቂው ያኑ ቀን ተመዝግቦ ያዘው፤ ሬጅስትራሯን ወይዘሮ ኡሙልኸይርን ስጠይቃቸው «ተዘግቷል የኔ ልጅ፣ ተዘግቷል» ብለው መዝገባቸውን ከደኑት። ቃልኪዳን እስከ ታክሲ ተራ አብራኝ ሄደች፤ አንድም ወሬ አልነገረችኝም። ለእሷ ትልቅ ርኅራኄ ነው።

ቤት ስደርስ ሐዳሳ ግቢ ውስጥ ገመድ ትዘላለች። ትንፋሿ ጤነኛ ነው፤ ሁለት ጊዜ ቆሜ አዳመጥኩት። እናቴ ለነገ ገበያ ቲማቲም ትለያለች።

«ወደቅኩ» አልኳት።

የያዘችውን ቲማቲም አገላብጣ አየችው። «ሰውዬው አላመነም ማለት ነው?»

«የቱ ሰውዬ?»

«የሚደውለው። እሁድ ከጸሎት ስንወጣ ደውሎልኝ ነበር። ገበያነሽ ቀድማ ነግራኛለች፤ ልጅሽ ተጨንቃለች፣ እኔ እምቢ ብያታለሁ፣ አንቺ እንደምታደርጊ አድርጊ አለችኝ።»

«ምን አልሽው?»

ወደ ሐዳሳ ዞር አለች። ገመዱ መሬቱን እስኪመታ ጠበቀች፤ ከዚያ ልጅቱ እንዳትሰማ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«አራት አልኩት። በስም ጠራኋችሁ። ሐዳሳንም።»