አይሸትም

የእንግዳ ማረፊያውን መካኒክ ሰው ሁሉ «ጋሽ አፍንጫ» ይለዋል። ስሙ የወጣለት ለፌዝ ቢሆንም እሱ ግን እንደ ሹመት ነው የተቀበለው። እውነትም ያ አፍንጫ ጉድ ነበር! የተቃጠለ ሽቦ ይሁን ጠብ ያለች ቤንዚን፣ ከግቢው ወዲያ ማዶ ሆኖ ያውቃል። «ጥንዚዛ» የሚሏትን በቤንዚን የምትሄድ ትንሽ የዕቃ ማመላለሻ መኪና ሲፈትሽ፣ የነዳጅ ማስተላለፊያ ቱቦዋን በጣቱ ያብሳል፤ ጣቱን ያሸታል፤ «ደህና ናት» ይላል። አለቀ፣ ደቀቀ።

ታዲያ ባለፈው ብርድ አንድ ክፉ ጉንፋን ያዘውና፣ ሲለቀው አፍንጫውን ይዞበት ሄደ። ሳሙና አይሸተው፣ ቤንዚን አይሸተው። ቤቱ ድስት አርሮ ጎረቤት ሲሯሯጥ እሱ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ራዲዮ ያዳምጥ ነበር። ለማን ይናገር? ጋሽ አፍንጫ አፍንጫ የለውም ቢባል የግቢው መሳቂያ መሆኑ አይደል? ነገሩን ዋጥ አደረገው። ጣቱን ማሽተቱን ግን አልተወም፤ እንዲያውም ሰው ሲያየው ረዘም አድርጎ ይስብ ጀመር።

ክረምት ገባ፣ እንግዳ ጠፋ፣ ጥንዚዛም የምትከርምበት ጊዜ ደረሰ። ሥራው ላይማ ማን ይችለዋል! አጠባት፣ የተጋገረ ጭቃዋን ፈቀፈቀ፣ ዘይቷን ቀየረ፣ የባትሪዋን ገመድ ፈታ፣ ታንኩ እንዳይዝግ ቤንዚን ሞላው። በመጨረሻ የነዳጅ ቱቦዋን አበሰ፣ ጣቱን አሸተተ። «ደህና ናት።» ቱቦዋ ግን ከታንኩ ስር ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አውጥታ ነበር። ጠምዘዝ አድርጎ ቢያያት ትታየው ነበር፤ አላያትም።

የጥንዚዛ ማደሪያ ከግቢው ጥግ ያለው ነፋሻ መጠለያ ነው። ጣራው ማፍሰስ ስለጀመረ ግን ከልብስ ማጠቢያው ጎን ያለው ዕቃ ቤት ውስጥ አስገባት። ማጠቢያው ውስጥ ደግሞ በጋዝ የሚነድ የውሃ ማሞቂያ አለ። ቤንዚንና እሳት ጎረቤት እንደማይሆኑ ለሌላው ሲሰብክ የኖረው እሱ ራሱ ነው። «ጣራው እስኪጠገን ነው፤ ደግሞ ቤንዚን ቢፈስም ይሸታል» ብሎ ራሱን አታለለ። ይሸታል! ለማን?

በነጋታው ጠዋት አጣቢዋ ጠራችው። የሟች ታናሽ ወንድሙ ሚስት ናት፤ እዚህ ያስቀጠራት እሱ ነው፤ ልጆቿም አባት ብለው የሚያውቁት እሱን ነው። ክብሪት ይዛ ማሞቂያው ፊት ቆማለች፤ አፍንጫዋ በጉንፋን ቀልቷል።

«ጋሼ፣ ገና ስገባ ራሴን አዞረኝ። እኔ ደግሞ አፍንጫዬ ድፍን ብሏል። እስቲ አሽትትልኝ፣ ቤንዚን ይሸታል እንዴ?»

ሳበ። ምንም። ደግሞ ሳበ። ምንም። «እኔም አይሸተኝም» ማለት ይኼን ያህል ይከብዳል? ቃሉ ምላሱ ጫፍ ደርሶ ተመለሰ።

«አይሸትም» አለ። «ለኩሺው።»

«አንተ ካልክ እንግዲህ» ብላ አንዲት ክብሪት መዘዘች።

ያኔ ነው ዓይኑ ወደ ዕቃ ቤቱ መሸጋገሪያ በር የወረደው። ትናንት ከጥንዚዛ ስር ያነጠፈው ካርቶን ጫፉ በበሩ ስር ብቅ ብሏል። ርሶ ጠቁሯል። «ተይ!» ብሎ ዘሎ እጇን ያዛት፤ ክብሪቱ መሬት ላይ ተበተነ።

በር መስኮቱን ከፋፈቱ፤ ሞተሯን ሳይነኩ ጥንዚዛን እየገፉ ከቤት አወጧት። ጩኸቱን ሰምተው ዘበኛውና ምግብ አብሳይዋ እየሮጡ መጡ። አብሳይዋ ገና ከደጅ አፍንጫዋን ያዘች።

«ኧረ ጉድ! ቤቱ ሁሉ ቤንዚን ቤንዚን ይላል!»

«ጋሽ አፍንጫ ባይኖር አልቀን ነበር!» ዘበኛው ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረገው። «ይኼ አፍንጫ እኮ መድን ነው፣ መድን!»

አጣቢዋ ግን ዓይኗን እሱ ላይ ተክላ ጠበቀች። ፊቱ ነደደ፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

«አፍንጫዬ አይደለም» አለ በመጨረሻ። «ከጉንፋኑ ወዲህ ምንም አይሸተኝም። ካርቶኑን አይቼ ነው።»

ዘበኛው እጁን ከትከሻው ላይ አነሳ። ስንት ጊዜ የፈራው ሳቅ አሁን ቢመጣ ምንኛ በቀለለው! የሳቀ ግን አልነበረም።

«አይሸተኝም ብትለኝ እስቅብህ ነበር ጋሼ?» አለች አጣቢዋ። «ለኩሺው አልከኝ እኮ! እነዚያን ልጆች ለማን ብለህ ነው?»

ይቅርታ እንኳ ከአፉ አልወጣ አለው። አንገቱን ደፍቶ ታንኩን አራገፈ፣ ቱቦዋን ቀየረ፤ ጣራው እንደሚያፈስ እያወቀ ጥንዚዛን ሸራ አልብሶ መጠለያዋ መለሳት። የረጠበውን ካርቶን አውጥቶ ወለሉን አጠበ፤ ቤቱም ሲናፈስ ዋለ።

ከሰዓት በኋላ አጣቢዋ ተመልሳ ማሞቂያው ፊት ስትቆም እሱ በሩ ላይ ነበር። ክብሪቱን እንደያዘች ቀና ብላ አየችው። ከዚያ በአጠገቡ አልፋ ወደ ማድ ቤቱ ዞራ አብሳይዋን ጠራች።

«እህቴ፣ እስቲ መጥተሽ አሽትቺልኝ።»