ደረጃ ሦስት

እኛ መሥሪያ ቤት ሦስት ደረጃ አለ። ጽዳት የምንሠራው ደረጃ ተከፋፍለን ስለሆነ ስማችንን የሚጠራ የለም። እኔ ደረጃ አንድ ነኝ፤ እዚህ ስሠራ ሃያ ሁለት ዓመቴ። ጓደኛዬ ደረጃ ሁለት ናት። ደረጃ ሦስት ጡረታ ከወጣች ወዲህ ቦታዋ ክፍት ነው፤ እየተፈራረቅን እንወለውለዋለን። እሱ ደረጃ ያምራል። እርከኑ ዝቅ ዝቅ ያለ፣ መደገፊያው በግራም በቀኝም፣ መስኮቱ ፀሐይ የሚያስገባ። የኔውን የሠራው ሰውዬ ግን ለፍየል ነው የሠራው።

አለቃችንን ቃጭል እንለዋለን። ወገቡ ላይ ያንጠለጠለው የቁልፍ መዓት ከሱ ቀድሞ ይደርሳላ። አንድ ቀን ግን ቁልፉን ኪሱ ከትቶት ኖሮ፣ በጎን በጎኔ ስወርድ ያዘኝ።

"ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምትወርጂው?"

"ጫማዬ ነው ጋሼ።"

"ጫማሽ ያቃስታል እንዴ?"

ደረጃ መውጣት ትችላለች የሚል የሐኪም ወረቀት ካላመጣሽ ከሰኞ ጀምሮ በር ላይ ተቀምጠሽ የእንግዳ ካርድ ታድያለሽ አለኝ።

ሌላ ሰው ይህን እንደ ሹመት ያየዋል። እኔ ግን ቀምሼዋለሁ። ካርድ አዳይዋ የታመመች ሳምንት ተክቻት ነበር። ሥራ አልቆ ከወንበሩ ልነሳ ስል ጉልበቴ ዘይት እንዳልነካው በር ሲጥ አለና ሁለት ዘበኞች ግራና ቀኝ ይዘው ነቀሉኝ። "እንደ ካሮት" ትላለች ደረጃ ሁለት፤ እስከ ዛሬ ታወራዋለች።

ሐኪም ቤት ራጅ ተነሳሁና ፊዚዮቴራፒ ክፍል ላኩኝ። እዚያ ያለችው ሐኪም የልጄ እኩያ ናት።

"እናቴ፣ ህመሙን ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ይሰጡታል?"

"ጠዋት ስነሳ ሰባት። አንድ ፎቅ ከወለወልኩ በኋላ አራት። በር ላይ ካስቀመጡኝ አሥራ አምስት።"

"እስከ አሥር ነው እኮ።"

"አንቺ በር ላይ ተቀምጠሽ አታውቂም።"

ሳቋን ዋጠችና፣ እጄን ደረቴ ላይ አጣምሬ ከወንበር እንድነሳና እንድቀመጥ አዘዘችኝ። በግማሽ ደቂቃ ስንቴ እንደምነሳ ልትቆጥር ነው። እልህ ያዘኝ። አሥራ ሦስት ጊዜ ተነሳሁ፤ አሥራ አራተኛው ላይ ወንበሩ አብሮኝ ሊነሳ ምንም አልቀረው።

ቀጥላ ራጁን መብራት ላይ ሰቅላ አየችው። "እርስዎ ደረጃ ሦስት ነዎት" አለች።

"ተሳስተሻል ልጄ። ደረጃ አንድ ነኝ።"

"ራጁ የሚያሳየው ደረጃ ሦስት ነው።"

"ራጁ ምን ያውቃል? ደረጃ ሦስት ጡረታ ወጥታለች። ልጇ ጋ ነው ያለችው።"

"ማን?"

"ደረጃ ሦስት።"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። እስኪገባን ድረስ ተጨቃጨቅን፤ ሲገባን ጠረጴዛው ላይ ተደፍተን ሳቅን። ተራ የሚጠብቁት ሰዎች በሩን ከፍተው አዩን።

ለካ ጉልበት ውስጥ በአጥንትና በአጥንት መሀል ያለው ለስላሳ ሽፋን ሲሳሳ፣ መሳሳቱን በደረጃ ነው የሚቆጥሩት። መጨረሻው አራት ነው።

"ታዲያ አለቀልኝ?" አልኳት። ያኔ ሳቄ ቆሞ ነበር።

"ራጁ ለብቻው ነው፣ ህመሙ ለብቻው፣ የሚሠሩት ሥራም ለብቻው። ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። ራጁ ከፍቶ እንደ እርስዎ ብድግ የሚል አለ፤ ራጁ ደህና ሆኖ መራመድ የሚያቅተው አለ። ህመሙን ፈርተው ከተቀመጡ ግን የጭንዎ ጡንቻ ይዝላል፤ እሱ ሲዝል ሸክሙ ጉልበትዎ ላይ ይወድቃል፣ ህመሙም ይብሳል።"

ያንኑ ከወንበር መነሳት መቀመጥ ጠዋትና ማታ አሥር አሥር ጊዜ እንድሠራ ነገረችኝ። ደረጃ ስወጣ ደህናውን እግር፣ ስወርድ የታመመውን እንዳስቀድም አሳየችኝ። ወረቀቱንም ጻፈችልኝ።

ቃጭል መነጽሩን ረስቶ ስለነበር ወረቀቱን ከፊቱ አርቆ አነበበው። "የጉልበት ህመም፣ ደረጃ ሦስት። ብዙ መቀመጥ የለባትም። መደገፊያ ይዛ፣ ባልዲ በግማሽ እየሞላች ደረጃ መውጣት ትችላለች።" ቀና አለ። "ሐኪሞቹ ደግሞ የሥራ ድልድል ጀመሩ? ደረጃ ሦስት ትመደብ ነው የሚሉኝ?"

"ጋሼ፣ እሱ እንኳ ደረጃ ሦስት ሲል…"

"ማንበብ ልታስተምሪኝ ነው? ከሁለተኛ ክፍል ያቋረጥሽው?"

በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ለዚህ ሰውዬ መልስ ሳልሰጥ የዋልኩበት ቀን የለም። ያን ቀን ግን አንገቴን ደፋሁ።

"እርስዎ ካሉ ይሁን ጋሼ።"

ደንግጦ አየኝ። "እውነትም ታመሻል" አለ።

ባልዲዬን ይዤ ወደ ፀሐዩ ስሻገር ደረጃ ሁለት ወገቧን ይዛ ቆመች። እሷም ያንን ቦታ ስትለምን ከርማለች።

"ምን ሰጥተሽው ነው?"

"ጉልበቴን።"

ከሦስት ወር በኋላ ለምርመራ ተመለስኩ። ህመሙ ሦስት ሆኗል። ከወንበር አሥራ ስምንት ጊዜ ተነሳሁ፤ ወንበሩም አደብ ገዝቶ ተቀምጧል። ልጅቷ ደስ ብሏት ፋይሌን ስትገልጥ ግን እጇን ያዝኳት።

"ልጄ፣ ሌላውን እንደፈለግሽ አሻሽዪው። ደረጃዬን ግን እንዳትነኪብኝ።"

"እሱማ አንዴ ከሳሳ ወደ ኋላ አይመለስም እናቴ። ደረጃ ሦስት እንደሆኑ ነው።"

አንገቷን አቅፌ ሳምኳት። ይህን ሰምቶ ሐኪሙን የሚስም ታማሚ አይታ አታውቅም መሰለኝ።